ጆሮ፣ መስማት፣ እዝነ ልቡና

«ጆሮ» ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ቅዱሳት መጻሕፍትን ስናነብ በቃሉ ላይ ሳንቆም የምናልፈውም ለዚህ ይመስለኛል። «ቃል ኪዳን»፣ «መሥዋዕት»፣ «ጽድቅ» የሚሉትን ስናገኝ ትርጓሜ እንጠይቃለን፤ «ጆሮ» ግን ሁላችንም ይዘነው የምንዞር ስለሆነ ጥያቄ አያስነሣብንም። ጌታችን በምሳሌ አስተምሮ ሲጨርስ ጆሮ ያለው ሰው እንዲሰማ ደጋግሞ ያዝዝ ነበር (ማቴ. 11፥15፤ 13፥9፤ ማር. 4፥9)። በፊቱ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ጆሮ ነበረው፤ ድምፁም ይደርሰው ነበር። ታዲያ ትእዛዙ ለማን ነው? በዚህ ትምህርት ይህን ጥያቄ ይዘን ቀስ እያልን እንሄዳለን።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ጆሮ ድምፅን የምንቀበልበት የአካል ክፍል ነው። መስማት ድምፁ በጆሮ ገብቶ ወደ አእምሮ መድረሱ ነው። ማዳመጥ ከዚህ ይለያል፤ ለሚሰሙት ነገር ሐሳብን ሰጥቶ መከታተል ነው። መታዘዝ ደግሞ የሰሙትን መፈጸም ነው። ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ የግእዝ አጠራር አለ፤ እርሱም «እዝነ ልቡና» ነው። እዝን ጆሮ ማለት ነው፤ ልቡና ደግሞ ማስተዋል፣ የውስጥ አእምሮ ማለት ነው። ስለዚህ እዝነ ልቡና ስንል ሰው የሰማውን ነገር ተረድቶ የሚቀበልበትን የውስጥ ኃይል ማለታችን ነው።

በዕለት ተዕለት አማርኛችን ቃሉ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ጥቂት እንመልከት። የእንስራና የማሰሮ መያዣ ጆሮ ይባላል፤ ይህ በቅርጹ ብቻ የተሰጠው ስም ነው። ጆሮ ደግፍ የምንለው በሽታ ስሙን ያገኘው ከሚያብጠው ቦታ ነው። የሌላውን ምሥጢር እየሰማ የሚያቀብለውን «ጆሮ ጠቢ» ስንል ግን ስለ ቅርጽም ስለ ቦታም አይደለም፤ ስለ ሥራ ነው። «ጆሮ ሰጠው» ስንልም ማንም አካሉን ቆርጦ አልሰጠም፤ የሰጠው ሐሳቡን ነው። ከሁሉም ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚለው ነው። ዳባ መናንያን የሚለብሱት የተለፋ ቆዳ ነው። ዓይን ቆብ አለው፤ ማየት ያልፈለገ ሰው ይከድነዋል። ጆሮ ግን ክዳን አልተፈጠረለትም፤ ተኝተንም ክፍት ነው። ስለዚህ መስማት ያልፈለገ ሰው ክዳኑን ከራሱ ፈቃድ ያበጃል። ጆሮውን ዳባ ያለበሰ ሰው ድምፁን በደንብ ሰምቶታል፤ ያልተቀበለው ነገሩን ነው።

«ሰማ» የሚለው ግሥም እንዲሁ ሁለት እርከን አለው። እናት «ይህ ልጅ ፈጽሞ አይሰማም» ብትል ጎረቤት ሐኪም ቤት ውሰጂው አይላትም። ሁሉም የተረዳው አይታዘዝም ማለቷን ነው። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዕብራይስጥ «ሻማዕ» የሚለው ግሥ ሰማም ታዘዘም ማለት ነው፤ በኦሪት ዘዳግም 6፥4 ሙሴ ለእስራኤል የአምላክን አንድነት ሲያውጅ ንግግሩን የጀመረው በዚሁ ግሥ ነው። አይሁድ ይህን ክፍል ጠዋትና ማታ ይደግሙታል፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ሲሉም ቀኝ እጃቸውን በዓይናቸው ላይ የማድረግ ልማድ አላቸው፤ ልብ እንዳይበታተን ነው። በግእዝ ደግሞ ሰምዐ ካለው ግሥ ስምዕ፣ ማለትም ምስክርነት ወጥቷል፤ ሰማዕት የሚለውም ከዚያው ነው። ሰማዕት የምንለው የሰማውን እስከ ሞት ድረስ ያልካደውን ነው። እንግዲህ እስካሁን ያገኘነው ይህ ነው፦ በቋንቋው ውስጥ ጆሮና መስማት ከአካል ተነሥተው ወደ ማስተዋል፣ ከማስተዋልም ወደ ፈቃድ ይወጣሉ። ቅዱሳት መጻሕፍትም ቃሉን የሚጠቀሙበት በእነዚሁ ሦስት ትርጉሞች ነው።

የመጀመሪያው አካሉ ራሱ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልገንም፤ ሁለት ታሪኮች ይበቁናል። በሲና ተራራ ሥር ሕዝቡ አምላክ ሥራልን ብለው አሮንን በያዙት ጊዜ እርሱ የጠየቃቸው በሚስቶቻቸውና በልጆቻቸው ጆሮ ላይ ያለውን የወርቅ ጉትቻ ነው፤ ጥጃው የተሠራው ከዚያ ወርቅ ነው (ዘፀ. 32፥2-4)። ጥቂት ቀደም ብሎ የእግዚአብሔርን ድምፅ ከተራራው በሰሙት ጆሮዎች ላይ የተንጠለጠለ ወርቅ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ሁለተኛው በጌቴሴማኒ የሆነው ነው። ስምዖን ጴጥሮስ ሰይፍ መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ቀኝ ጆሮ ቆረጠ። የባሪያው ስም ማልኮስ መሆኑን የነገረን ዮሐንስ ብቻ ነው (18፥10)፤ ጌታ ጆሮውን ዳስሶ መፈወሱን የጻፈው ደግሞ ሉቃስ ብቻ ነው (22፥51)። ከመያዙ በፊት በገዛ እጁ ያደረገው የመጨረሻው ፈውስ ሊይዘው የመጣን ሰው ጆሮ ወደ ቦታው መመለስ ነበር።

ሁለተኛው ትርጉም ማስተዋል ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ትናጋ የመብልን ጣዕም እንደሚለይ ጆሮም ቃልን ይመረምራል ተብሎ ተጠይቋል (12፥11)። ጆሮ እንደ አንድ መርማሪ መቅረቡን ተመልከቱ፤ የገባውን ሁሉ አይውጥም፤ ይለያል። ይህን በአገራችን የንባብ ቤት ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው እያንዳንዱ የየራሱን ክፍል ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንዱ ወንጌል፣ አንዱ ዳዊት፣ አንዱ ገና መልእክተ ዮሐንስ። ለእንግዳ ሰው አንድ ትልቅ ጩኸት ብቻ ነው። የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ሳለ አንዱ ልጅ በተነሽ የሚነበበውን ቃል ወዳቂ አድርጎ ቢያነበው፣ ወይም ጠብቆ መነበብ ያለበትን ቢያላላው፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ለይተው «ምን አልክ?» ይሉታል። የእንግዳው ጆሮና የየኔታ ጆሮ የተቀበሉት ድምፅ አንድ ነው። ልዩነቱ በትምህርት የመጣ ነው።

በነህምያ 8 የተጻፈውም ይህንኑ ያሳያል። ሕዝቡ በውኃ በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰብስበው ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር የሕጉን መጽሐፍ ሲያነብ ጆሯቸው ወደ መጽሐፉ ነበር። ነገር ግን ንባብ ብቻውን አልበቃም፤ ሌዋውያን ምሥጢሩን ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ያለቀሰው ሲገባው ነው። ከዚያም ሄደው እንዲበሉ፣ ላልተዘጋጀለትም ድርሻ እንዲልኩ ተነገራቸው፤ እንዲሁም አደረጉ። ድምፅ፣ ማስተዋል፣ ተግባር በአንድ ቀን ውስጥ በተርታ ተገኙ። መጨረሻ ላይ ያየነው ላልተዘጋጀለት ድርሻ መላክ ወደ ሦስተኛው ትርጉም ያሻግረናል።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው፤ ጆሮ ማለት መታዘዝ የሚጀምርበት ቦታ ማለት ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆያለን፤ ምክንያቱም ኦሪት ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በሥርዓት አስተምራለች።

በዘፀአት 21 እንዲህ ተደንግጓል። ዕብራዊ ባሪያ ስድስት ዓመት ያገለግላል፤ በሰባተኛው ዓመት ያለ ዋጋ ነጻ ይወጣል። ባሪያው ግን ጌታዬን፣ ሚስቴንና ልጆቼን እወድዳለሁ፤ ነጻ አልወጣም ካለ፣ ጌታው ወደ ደጁ ወይም ወደ መቃኑ ያቀርበውና ጆሮውን በወስፌ ይበሳዋል፤ ለዘለዓለምም ያገለግለዋል። ወስፌ ቆዳ ሰፊ የሚበሳበት፣ በአገራችንም ስፌት የሚሰፋበት ሹል ብረት ነው። ሕጉ ምልክቱ ለምን በጆሮ ላይ እንደሆነ አይናገርም፤ ነገሩ ግን ራሱን ይገልጣል። የሚሠራው እጁ ነው፤ የሚላላከው እግሩ ነው፤ ምልክቱ ግን ትእዛዙ በሚገባበት ላይ ሆነ። የተበሳውም ሊወጣበት ይችል በነበረው በር ላይ ተጠግቶ ነው። ሁለት ዓይነት አገልግሎት እዚህ ላይ ተለያዩ። ስድስቱ ዓመት የግዴታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፍቅር ነው። ሥራው ያው ውኃ መቅዳት፣ ያው መንጋ መጠበቅ ሊሆን ይችላል፤ ጆሮው የተበሳው ሰው ግን የሚሠራው መሄድ እየቻለ ነው።

በዘሌዋውያን 8 ደግሞ አሮንና ልጆቹ ለክህነት ሲሾሙ ሙሴ ከአውራው በግ ደም ወስዶ በአሮን የቀኝ ጆሮ ጫፍ፣ በቀኝ እጁ አውራ ጣት፣ በቀኝ እግሩም አውራ ጣት ላይ አደረገ። ቅደም ተከተሉ ትምህርት ነው፦ ካህኑ አስቀድሞ ይሰማል፣ ቀጥሎ ይሠራል፣ ከዚያ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ምዕራፍ 14 ላይ ሲደርስ ይገረማል። ከለምጽ የነጻ ሰው፣ ከሰፈር ውጭ ብቻውን የኖረው ሰው፣ ሲመለስ ደሙ የሚደረገው በእነዚያው ሦስት ቦታዎች ነው፤ በላዩም ዘይት ይጨመርበታል። ሊቀ ካህናቱና ከሰፈር ተገልሎ የነበረው ሰው በአንድ ዓይነት ምልክት ይታተማሉ። በቤተ ክርስቲያናችንም ተጠማቂው ሕፃን በቅብዐ ሜሮን ሲታተም ከሚቀቡት ሕዋሳት አንዱ ጆሮው ነው፤ ገና አንድም ትእዛዝ ያልሰማ ጆሮ አስቀድሞ ለባለቤቱ ይለያል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባብያንን ግራ የሚያጋባ አንድ ቦታ እንፍታ። በመዝሙር 39 (በዕብራይስጡ ቁጥር 40) ዳዊት እግዚአብሔር መሥዋዕትን እንዳልፈለገ ከተናገረ በኋላ ዕብራይስጡ «ጆሮን ቆፈርህልኝ» የሚል ሐሳብ ይዟል። ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ በመለሱት ግን በጆሮ ፈንታ «ሥጋ» ይገኛል፤ የዕብራውያን መልእክት 10፥5 ለክርስቶስ ሰው መሆን የጠቀሰውም ይህን ነው። ሁለቱ ይጋጫሉን? አይጋጩም። ዕብራይስጡ መታዘዝ የሚጀምርበትን ክፍል ጠራ፤ ግሪኩ መታዘዝ የሚፈጸምበትን መላ አካል ጠራ። ሁለቱም የሚሉት፣ ከእንስሳ መሥዋዕት የሚበልጠው ራስን ለፈቃዱ ማቅረብ ነው። ኢሳይያስም ስለ እግዚአብሔር አገልጋይ ሲናገር ጆሮው ማለዳ ማለዳ እንደሚከፈትና ወደ ኋላም እንዳልተመለሰ ይገልጣል (50፥4-5)። ማለዳ ማለዳ ማለቱን ልብ እንበል፤ የእዝነ ልቡና መከፈት አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

አካል፣ ማስተዋል፣ ፈቃድ፤ ሦስቱን ለይተናል። አሁን መጻሕፍት የተዘጋ ጆሮን በምን በምን እንደሚጠሩት እንመልከት፤ አጠራሮቹ አንድ አይደሉምና። ኢሳይያስ የደነቆረ ወይም የከበደ ጆሮ ይላል (6፥10)፤ ይህ ደጋግሞ ሰምቶ ከመልመድ የሚመጣ ነው። ኤርምያስ ያልተገረዘ ጆሮ ይላል (6፥10)፤ ቃል ኪዳኑ በሥጋው ላይ ያለ፣ በመስማቱ ላይ ግን ያልደረሰ ሰው ማለት ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ይህንኑ ቃል በሸንጎው ፊት ሲያነሣ ሰሚዎቹ ጆሯቸውን ደፍነው ሮጡበት (ሐዋ. 7፥51-57)፤ ክሱን በገዛ እጃቸው አረጋገጡለት። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የሚያሳክክ ጆሮ (2ጢሞ. 4፥3)። የሚያሳክክ ጆሮ አልተዘጋም። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ክፍት ነው፤ መምህራንን ይሰበስባል፣ ስብከት አይጠግብም። ችግሩ የሚፈልገው እውነቱን ሳይሆን መታከኩን መሆኑ ነው። በስልካችን ከአንዱ ስብከት ወደ ሌላው ስንሻገር ራሳችንን በቀላሉ መጠየቅ እንችላለን፦ ያቋረጥኩት የት ላይ ነው? ስለ ሌላው ሲነገር ቆይቼ ስለ እኔ ሲነገር ያቋረጥኩ እንደሆነ የትኛው ጆሮ እንዳለኝ አውቄያለሁ። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ ሕመሙን በስሙ የጠራ ሰው መድኃኒቱን በቀላሉ ስለሚያገኝ ነው።

ስለ እግዚአብሔር ጆሮስ ምን እንላለን? መዝሙረ ዳዊት እግዚአብሔር ጆሮውን እንዲያዘነብል ደጋግሞ ይለምናል። እግዚአብሔር መንፈስ ነው፤ አካላዊ ጆሮ የለውም። መጽሐፍ በእኛ አነጋገር የተናገረው ልመናችንን የሚቀበል መሆኑን እንድንረዳ ነው። ጆሮን የተከለ እርሱ አይሰማምን ተብሎ የተጠየቀውም ይህን ያስረዳል (መዝ. 93፥9፤ በዕብራይስጡ 94)። በአንጻሩ ጣዖታት ጆሮ ተቀርጾላቸዋል፤ አይሰሙም። እንግዲህ ጣዖት ጆሮ ኖሮት አይሰማም፤ እግዚአብሔር ያለ ሥጋ ጆሮ ይሰማል፤ ሰው በመካከል ነው፤ ጆሮም መስማትም ተሰጥቶት ለመቀበልና ላለመቀበል ነጻ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ የሰውንና የእግዚአብሔርን መስማት ያገናኛቸዋል፤ የድኻን ጩኸት ላለመስማት ጆሮውን የደፈነ እርሱ ራሱ ሲጮኽ አይሰማም (21፥13)።

አበው ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ሰብስበው ያዩት በሔዋንና በእመቤታችን ነው። ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ሞት በሔዋን ጆሮ እንደገባ፣ ሕይወትም በማርያም ጆሮ እንደገባ አድርጎ ያነጻጽራል። አነጋገሩን በትክክል መረዳት ይገባል፤ ስለ ፅንስ አካላዊ መንገድ የተሰጠ ማብራሪያ አይደለም። ፅንሱ በመንፈስ ቅዱስ ነው። ጆሮ የተባለው ሔዋን የእባቡን ቃል ሰምታ በፈቃድዋ እንደ ተቀበለች፣ እመቤታችንም የመልአኩን ቃል ሰምታ በፈቃድዋ ስለ ተቀበለች ነው። ሦስተኛው ትርጉም ማለት ይህ ነው።

አንድ ልዩነት ግን እንዳይዘለን። እመቤታችን ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ጠይቃለች፤ የመጥምቁ ዮሐንስ አባት ዘካርያስም ጠይቆ ነበር፤ እርሱ ግን ዲዳ ሆነ። ጥያቄ ኃጢአት ቢሆን ሁለቱም በተቀጡ ነበር። ዘካርያስ የጠየቀው ለማመን ማረጋገጫ ነው፤ እርስዋ የጠየቀችው የሚሆንበትን መንገድ ነው። ስለዚህ የሚሰማ ጆሮ ማለት የማይጠይቅ ጆሮ ማለት አይደለም። በትምህርት መካከል እጅ አውጥቶ የሚጠይቅ ልጅ አልሰማም አይባልም።

ስለ ዘካርያስ ካነሣን ሉቃስ 1፥62 ላይ ዘመዶቹ ስለ ሕፃኑ ስም ሲጠይቁት በምልክት እንደ ጠየቁት ተጽፏል፤ ከንግግሩ ጋር መስማቱም ተወስዶበት እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። ሰሌዳ ለምኖ ጻፈ፤ የታዘዘው ስም በጽሑፍ ተፈጸመ። ጆሮው ዝግ በነበረበት ሰዓት እዝነ ልቡናው ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅ ከአንድ ከባድ ስሕተት ይጠብቀናል። መጻሕፍት ደንቆሮ ብለው የሚገሥጹት መስማት የተሳናቸውን ሰዎች አይደለም፤ እንዲያውም መስማት የተሳነውን መስደብ በኦሪት የተከለከለ ነው (ዘሌ. 19፥14)። በዐሥሩ ከተማ አገር ጌታ ያገኘውን መስማት የተሳነውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፣ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፣ ምላሱን ዳሰሰ፣ ወደ ሰማይ ተመለከተ፣ ከዚያ በኋላ «ኤፍታህ»፣ ተከፈት አለ (ማር. 7፥31-35)። ሰውዬው በዚያ ሰዓት ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ጌታ አስቀድሞ በሚያየውና በሚዳሰሰው ነገር አነጋገረው።

እምነት ከመስማት ነው የሚለው የሐዋርያው ትምህርትም (ሮሜ 10፥17) የሚጠይቀው የቃሉን መድረስ ነው፤ በድምፅ ብቻ ካልደረሰ አይልም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ ከዚያ የወጡ አስተርጓሚዎችም አሉ። ስብከት ሲተረጎም የሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ያውቃሉ፦ አስተርጓሚው ከሰባኪው አጠገብ፣ ብርሃን ፊቱና እጁ ላይ በሚያርፍበት በኩል ይቆማል፤ ከኋላው መስኮት ካለ ይጋረዳል። መስማት የተሳናቸው ምእመናንም ከፊት ይቀመጣሉ፤ አንድ ረጅም ሰው ከፊታቸው ከቆመ ስብከቱ ተቋርጧል ማለት ነው።